ቀትር ላይ የተቀዳ ድምፅ

በጨፌ አምባ ጥቅምት ከጠባ እስከ ኅዳር አጋማሽ እልል ማለት ክልክል ነው። ማፏጨትም፣ በሙቀጫ መውቀጥም፣ ውሻ ማስጮህም ክልክል ነው። ሠርግ ያለበት ሰው ወይ ለጥር ያቆየዋል፣ ወይ ሙሽራዋን እንደ ተሰረቀች በግ አፏን ይዞ ይወስዳታል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጫማቸው ላይ ጨርቅ ይጠመጠምላቸዋል። አፉን ሳይሸፍን ያስነጠሰ ልጅ ካለ የእናቱ ስም ማኅበር ቤት ይጠራል። ይህ ሁሉ ለደገዛ ሲባል ነው።

ደገዛን የማያውቅ ካለ፣ ሆዷ ወፍራም፣ ክንፏ ለመብረር የማይበቃ የወሎ ፌንጣ ናት። አያቶች ጤፋቸውን ስትላጭባቸው ሲረግሟት ኖረው ሞቱ። የልጅ ልጆቻቸው በማኅበር ተደራጅተው ያረቧታል። ደርቃና ተፈጭታ በከረጢት ከተማ ትወርዳለች፤ ከተሜው በዳቦም በሕፃን አጥሚትም ይበላታል። ጾም ታስገድፋለች አታስገድፍም በሚለው ቀሳውስቱ ሲከራከሩ ከርመው ደከማቸው፤ ሕዝቡ ፍርዱን ሳይጠብቅ በላ። ምን ያድርግ፣ ጤፍ እንደሆነ የባለጠጋ ሰው የበዓል ምግብ ከሆነ ቆይቷል።

ማኅበሩ የሚያረባትንና የዱሯን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ሰው አይለያቸውም። ቀለሙ ያው፣ ቁመቱ ያው፣ የእግሩ እሾህ ያው። የሚለያቸው ጥሪ ነው። የዱሩ ወንድ ክንፉን ከክንፉ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ይፍቃል፤ የማኅበሩ ወንድ ዘግየት ይላል። ሴቷ የወገኗን ምት ካልሰማች ንቅንቅ አትልም፤ የሌላው ጥሪ ጆሮዋ ሥር ቢጮህ ለሷ ድንጋይ ነው። ሁካታ በዝቶ ምቱ ከጠፋባት ግን ካገኘችው ጋር ትሆናለች፤ የዚያ ዲቃላ ዕንቁላል ደግሞ አይፈለፈልም። ለዚህ ነው አገሩ ሁሉ አፉን ይዞ የሚኖረው።

ማኅበሩ በመረብ ማጠር ከተወ ቆየ። መሐል ላይ ድምፅ የሚያወጣ ማማ ይተክላል፤ ማማው የዘገየውን ምት ሲጠራ ይውላል፣ ያመሻል። ሴቶቹ ዙሪያውን ይኮለኮላሉ፤ ወንዶቹም ሴት ካለችበት አይርቁም። ሰዉ ግን ቦታውን ዛሬም "መረብ" ይለዋል። "የእገሌ መሬት መረብ ገባ" ከተባለ፣ መሬቱ ከእገሌ እጅ ወጥቶ የማኅበር ሆነ ማለት ነው፤ እገሌም ከታደለ አርቢ፣ ማለት የማኅበሩ ጠባቂ፣ ሆኖ ይቀራል።

በዚያ ተዳፋት ላይ ጤፍ የምትዘራ አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች፤ ደብሬ ትባላለች። ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል፣ ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ያላት አባቷ ያወረሳት ማሳ ነው። ማኅበሩ ሕጉን ሲያወጣ ለጤፍ ገበሬዎች አንድ ነገር ተወላቸው፤ ማሳው እህል እስከሰጠ ድረስ ማንም አይነካውም። አንድ ዓመት ባዶ የዋለ እንደሆነ ግን መረብ ይገባል። ሌሎቹ አንድ በአንድ የገቡት እንደዚህ ነው። መድኃኒት መርጨት ክልክል፤ የዱር ደገዛ እሸቱን ስትበላ ቆሞ ማየት የተፈቀደ። ደብሬ ግን እንቢ ብላ ኖራለች። የዘንድሮ ጤፏ ወገብ ይመታ ነበር፣ ዛላው ወተት ቋጥሯል። ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር የሚቀራት።

ከታች በኩል የሚዋሰናት መረብ የወንድሟ ነው። አራጌ ይባላል፤ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባታቸው ሲሞት ማሳው ለሁለት ተከፈለ። እሱ ድርሻውን ለማኅበር ሰጥቶ አርቢ ሆነ፤ እሷ አረሰች። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተኮራርፈው ተኮራርፈው በአንዱ ፋሲካ በታረቁ ነበር። ያጣላቸው የእናታቸው ቀብር ነው።

እናታቸው የሞተችው ከዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ነው። ሬሳው በአራጌ መረብ ጥግ ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ከንፈሩን ነክሶ፣ እንባውን እየዋጠ ይሄዳል። ደብሬ አልቻለችም። "እናቴ" ብላ አንዴ ጮኸች። ሁለተኛውን ሳትጀምር አንድ እጅ ከኋላ መጥቶ አፏን ጥርቅም አደረገው፤ የአራጌ እጅ ነበር። ሬሳው መቃብር እስኪደርስ አለቀቃትም። ጣቱ የደገዛ መኖ ይሸት ነበር። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም አልተነጋገሩም። እሷ ከቤቷ ስትወጣ እሱ ካለ ፊቷን ታዞራለች፤ እሱም መሬት ላይ ይተፋል። ሰላምታ የሚባል የለም።

ጤፏን የምታድንበት ዘዴ ጠሪ ነው። ጠሪ ማኅበሩ ለጤፍ ገበሬ በፈቃድ የሚሰጠው ትንሽ ሳጥን ነው፤ የዱሩን ወንድ ምት ይጠራል። ደብሬ ከማሳዋ ላይኛ ጫፍ ቦይ ቆፍራ፣ አመድ ሞልታ፣ ጠሪውን ማዶው ላይ ታስቀምጠዋለች። የዱር ሴቶች ወንድ አገኘን ብለው ሲጎርፉ አመዱ ውስጥ ይገባሉ፤ መብረር አይችሉ፣ አይወጡም። ጠዋት ጠዋት በአካፋ እየዛቀች ትቀብራቸዋለች። ቁርሷን የምትበላው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት እኩሌታ ላይ የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ሰይድ አበጋዝ ጠሪውን ሊያሽግ መጣ። ሰይድ ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን ይሠራል፣ ሲሠራም ያፍራል።

"አቤቱታ ቀርቧል፣ እትዬ ደብሬ" አላት። "የእርስዎ ጠሪ ድምፁ መረቡ ድረስ ይወርዳል፣ የማማውን ምት ይረብሻል ተብሏል። እርባታው እስኪያልቅ መታሸግ አለበት።"

"ማነው አቤት ያለው?"

ሰይድ ማሸጊያውን አጠበቀ።

"ገባኝ" አለች። "የእናቴ ልጅ ነው።"

"አሁን እሸት ነው፤ ጥቂት ቢቀምሱብዎትም ማሳው አይጠፋም።"

"አንተ ምን አለብህ። የሚቀመሰው የኔ ነው።"

ሰይድ ሄደ። ደብሬ የታሸገውን ሳጥን አቅፋ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ከታች ማማው ይጠራል። አራጌ በማማው ሥር ወዲያ ወዲህ ሲል ይታያታል፤ ጋቢውን አጣፍቷል፣ መኖ ይበትናል።  የከረመው ቂም ተነሣባት። የሱ ደገዛ እንዳይረበሽ የኔ ጤፍ ይበላ? እናቴን ሳላለቅስ አስቀብሮኝ፣ አሁን ደግሞ የአባቴን መሬት መረብ ሊያስገባብኝ? ይህን እያሰበች ምሳዋን ረሳች።

ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል። ደብሬ መግዛት አላስፈለጋትም፤ ሟች ባሏ የእድር ለፋፊ ነበር፣ ድምፅ ማጉያው ከሕጉ ወዲህ ሥራ ፈትቶ ቆጥ ላይ ተሰቅሏል። አሮጌ ስልክም ነበራት። ሐሳቧ ቀላል ነው። የማኅበሩን ወንዶች ምት ቀድታ፣ ከራሷ ማሳ ከማማው አስበልጣ ብታጮኸው፣ የአራጌ ሴቶች ማማውን ትተው ወደ እሷ ይወጣሉ። ደገዛ የሚለቅመው የማኅበሩ ሰብሳቢ መኪና ሲመጣ መረቡን ባዶ ያገኘዋል። አርቢ የሚባል ሰው መረቡ ባዶ ከተገኘ አለቀለት።

ቦዩ ውስጥ ልትከታቸው አላሰበችም። የማኅበር ደገዛ ቦይ ውስጥ ከተገኘች ስርቆት ነው፤ ሰይድ መጥቶ ቦዩን ይፈትሻል። ስለዚህ ማጉያውን ጤፉ መሐል፣ ዓይን የማያየው ቦታ ልትደብቀው ቆረጠች። የማኅበር ደገዛ ጤፍ አትነካም፤ በማሽላ ቅጠል ነው ያደገችው፣ ይህን በአምባው ሕፃን ያውቀዋል። ትምጣ፣ ትንከራተት፣ ወፍ ይልቀማት። ጤፉ ላይ አንዳች ጉዳት የለም። ደብሬ እንዲህ እንዲህ እያለች ነገሩን አበጠረችው፤ እንከን አላገኘችበትም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም የሚለውን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ አረም የምትነቅል መስላ ወሰኑ ላይ ጎንበስ አለች። ከነጠላዋ ሥር ስልኩን ይዛለች። ከእግሯ ሥር የአራጌ ወንዶች ይፍቃሉ፤ ሙቀቱ አነቃቅቷቸዋል፣ እንደ ጉድ ነው የሚጠሩት። ረጅም ጊዜ ቀዳች። አራጌ ከሩቅ ቀና ብሎ አያት፣ መሬት ላይ ተፋ፣ ወደ ሥራው ዞረ። ትፋ አለች በሆዷ፣ ነገ ምራቅህም ይደርቃል።

ምሽት ላይ የጥቅምት ብርድ ከላይ ከተራራው ወረደ። ደብሬ ማጉያውን ጤፉ መሐል አስቀምጣ፣ ስልኩን አገናኝታ ለቀቀችው። ድምፁ ተዳፋቱን ሞላው። ቤቷ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ አዳመጠች። የራሳቸው ድምፅ ነው፤ ከራሳቸው ነው የቀዳችው። ማማው ግን ዛሬ የተጎተተ መሰላት፣ ከስልኳ ጋር ሲተያይ ያረጀ ሰው ይመስላል። ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ የኔው ጉልበት አለው አለች። የታሸገው ጠሪዋ በየምሽቱ ብርድ ሲመጣ ራሱን ያዘገይ እንደነበር ትዝ አላላትም። ትዝ የሚላት ነገር አልነበረም፤ ሳጥኑ ራሱ ያደርገዋል፣ እሷ ጠይቃው አታውቅም። እንቅልፍ ከእናቷ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ጣፍጧት አያውቅም።

ጠዋት ስትወጣ ጤፉ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ነፋስ ግን አልነበረም። ተጠጋች። እያንዳንዱ አገዳ ላይ ደገዛ ተሰቅላለች፣ በደገዛዋ ላይ ሌላ ደገዛ። የማኘክ ድምፅ ይሰማል፣ በብዙ አፍ የሚታኘክ ጥሬ ሽንብራ ዓይነት። ዛላ የሚባል ነገር የለም። መሐሉ ጨርሶ ተላጭቷል፣ ዳር ዳሩን እየጨረሱት ነው። ደብሬ ነጠላዋን አውልቃ እያራገበች ዘው ብላ ገባች። እግሯ ሥር ይፈነዳሉ፣ ቀሚሷ ላይ ይወጣሉ፣ የሚሸሽ የለም። የማኅበር ደገዛ ጤፍ አትበላም፣ የማኅበር ደገዛ ጤፍ አትበላም ትላለች ለራሷ፤ እነሱ ይበላሉ። ማጉያው ጋ ስትደርስ ስልኩ ባትሪው አልቆ ዝም ብሏል፤ ማጉያው በደገዛ ተሸፍኖ አይታይም። እዚያው ተቀመጠች። ማሳዬ ሄደ አለች። ለማንም አይደለም ያለችው።

ቀና ስትል አራጌ ወሰኑ ላይ ተቀምጧል። ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ሲያያት ቆይቷል። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

"የቀዳሽው ቀትር ላይ ነው" አላት።

ደብሬ ማጉያውን የሸፈኑትን በእጇ ጠረገች።

"የኔዎቹ ቀትር ላይ ሲሞቃቸው ይፈጥናሉ። የዱሩ ማታ ሲበርደው ይዘገያል። የቀትሩ የኔና የማታው የዱር አንድ ምት ነው፣ ደብሬ። የኔን ልትጠሪ ወጥተሽ የዱሩን ጠራሽ። ያውም በዚያ ማጉያ። ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ነው የመጡት።"

"አንተ እንዴት አወቅህ?"

"ሰማኋ። ገና ስትለቂው ነው ያወቅሁት። አርቢ ነኝ።"

ደብሬ ከጤፉ ውስጥ ተነሣች። ቀሚሷ ላይ የቀሩትን አላራገፈችም። "ስታውቅ ምን አደረግህ?"

አራጌ ዱላውን አቀና። የሚናገረውን ነገር አስቀድሞ ሲያጣጥመው ያመሸ ይመስላል። "እዚህችው ተቀመጥሁ። በእግሬ ሥር ነው ያለፉት፣ ምንጣፍ ሆነው። መንገዳቸው ላይ ስለነበርሁ እግሬን አነሣሁላቸው።"

"መጥተህ ብታጠፋው ኖሮ ጤፉ ይተርፍ ነበር።"

"ይተርፍ ነበር" አለ። "አንቺስ የማንን ነበር የጠራሽው? የኔን አይደል? ሰብሳቢው መኪና ሲመጣ ባዶ እንዲያገኘኝ አይደል?"

 ለሰው ስለተቆፈረ ጉድጓድ የሚተረተውን ተረት እዚህ ላይ የሚያመጣብኝ ሰው ካለ ይቅርብኝ፤ ደብሬም ታውቀዋለች።  ያበሳጫት ጤፉ ብቻ አልነበረም። የሆነውን ነገር እሱ ማየቱ፣ ቁጭ ብሎ ማየቱ፣ ያ ነው ያንገበገባት።

ፀሐይ ከፍ ስትል ሰይድ አበጋዝ መጣ፤ የዱር ደገዛ መንጋ ሌሊት የአራጌን መረብ ጥሶ ማለፉን ማማው ዘግይቶ፣ ጠዋት አስታውቆታል። እጁ ላይ የማኅበሩን ሰሌዳ ይዟል። የተላጨውን ማሳ አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው።

"እትዬ ደብሬ፣ ምን ላድርግ" አላት። "እህል የሌለበት ማሳ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ሰይድ ወደ አራጌ ዞረ። "አንተ አዋሳኝ ነህና ቅድሚያው ያንተ ነው። ማሳው ወደ መረብህ ይቀላቀል ብትል ማኅበሩ አይከለክልህም።"

"ይቀላቀል" አለ አራጌ። ፊቱን እንኳ አላዞረም።

"እንግዲህ አንድ ጥያቄ አለብኝ፤ ለወጉ ነው። መንጋው ሲያልፍ ያየ አለ? አይቶ ለማኅበሩ ያልደወለ አርቢ መረቡ እንደሚነጠቅ ታውቃላችሁ።"

"እኔ ተኝቼ ነበር" አለ አራጌ።

ደብሬ ጤፉን ረሳችው። ማለዳ የነገራት ቃል በቃል ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ወደ ሰይድ ሁለት እርምጃ ሄደች። "ዋሽቷል። አይቷል። እግሬን አነሣሁላቸው ብሎኛል።"

"ምስክር የለሽም" አለ አራጌ።

"የለኝም። የአባባን አጥንት ጠርቶ ይማልልኝ።"

በጨፌ አምባ ሰው በእግዜር ስም ሊዋሽ ይችላል፤ እግዜር ይቅር ባይ ነው ይላሉ። በታቦትም የሚምል አይጠፋም። በሞተ አባት አጥንት ግን የዋሸ ተሰምቶ አያውቅም። ሞቶ የተኛ አባት ቆሞ እንደሚሄድ ሰው ምክንያት አይሰማም፣ ይቅርታ የሚጠየቅበትም ደጅ የለውም። ለዚህ ነው ሰይድ አበጋዝ ሰሌዳውን ዝቅ አድርጎ የጠበቀው።

አራጌ ጋቢውን ከራሱ አወረደ። ደብሬን አያት። ልጅ ሆነው በዚህ ወሰን ላይ ወፍ ሲያባርሩ ያያት እንደነበረው አይደለም ያያት፣ ጠላት ጠላቱን ለክቶ እንደሚያይ ነው። 

"አይቻለሁ" አለ።

"ለምን አልደወልህም ታዲያ?" አለው ሰይድ። የምር ግራ ገብቶታል። "አንድ ደወል ነበር እኮ። መረብህ ሊነጠቅ? ሰው በገዛ እጁ?"

"የሚበላው የሷ ስለሆነ" አለ አራጌ።

 ሰይድ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ጨረሰና ሁለቱም ማሳዎች የማኅበሩ እንደሚሆኑ፣ ሌላ አርቢ ከሌላ ቀበሌ እንደሚመጣ፣ የአባታቸው መሬት ከላይ እስከ ታች በአንድ ማማ እንደሚጠራ በደረቁ ነገራቸው። አራጌ ሳይጨርስለት ተነሥቶ ሄደ። ዱላውን ወሰኑ ላይ ረስቶታል።

ደብሬ ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ማልቀስ የነበረባት ሰዓት ነው፤ ማሳዋ ከኋላዋ እየተበላ ነው፤ አባቷ ድንጋዩን በእጁ የለቀመው፣ ባሏ ያረሰው፣ እሷ ብቻዋን የያዘችው መሬት ነው። ደረቷ ግን ቀለላት።

ሰይድ መሬቱን እንድታስረክብ ሰሌዳውን ወደ እሷ አዞረ፤ አውራ ጣት የሚደረግበት ቦታ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። እሷ ጣቷን አንሥታ ቆመች።

"ቤቱስ?"

"መረብ ውስጥ ቤት አይቆምም፤ እርስዎም ያውቁታል። ድምፅ ይረብሻል።"

"የኔን አይደለም የምጠይቅህ። የሱስ?"

ሰይድ መሬት መሬት አየ። "የሱም ይፈርሳል።"

ደብሬ አውራ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ሰሌዳው ላይ አሳረፈችው። ሰሌዳው መጀመሪያ አልቀበል አላት፤ ጣቷ ላይ የደገዛ ፈርስ ነበረበት። በምራቋ አርጥባ ደህና አድርጋ ጠረገችውና፣ ጠንከር አድርጋ ደገመችው።